ፖታሲየሙን ማን ወሰደው? (ስለ ሽንት ምርመራ)

ሽንት በተማሪዎች መጽሔት ላይ ርዕስ ሆኖ ሲገኝ አፍንጫውን የሚይዝ አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ቢሆንም እጁን ከአፍንጫው ላይ አንሥቶ ጥቂት ቢታገሠን የምንነግረው ነገር አለን። ሐኪም የበሽተኛን ሽንት በብርጭቆ አድርጎ ወደ ብርሃን እያነሣ መመልከት ከጀመረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ያን ጊዜ የሚያየው ቀለሙንና ጥራቱን ነበር፤ ዛሬ የሚያየው ቁጥር ነው። ከቁጥሮቹም አንዱ፣ ይኸውም በሽንት ውስጥ ያለው የፖታሲየም ልክ፣ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል፤ ሲጠየቅም ያለ ቦታው ይተረጐማል። የሕክምና ተማሪ ያልሆነም ሰው ሊከተለን ይችል ዘንድ ነገሩን በአንድ በሽተኛ እንጀምራለን። በሽተኛው የምናብ ሰው ነው፤ በሽታው ግን የምናብ አይደለም።

እንበልና አንድ ጓደኛችን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ኳስ ሲጫወት ውሎ፣ ማታ በዘመዶቹ ቤት ድግስ ስለ ነበረ ጠግቦ በልቶ፣ በላዩም ለስላሳ ጠጥቶ ተኛ። እሑድ ጧት ሲነቃ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። አእምሮው ደኅና ነው፤ ይናገራል፤ ሲነኩት ያውቃል፤ ነገር ግን ከአልጋው መነሣት አልቻለም። የመኝታ ቤት ጓደኞቹ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት። ደሙ ሲመረመር በአንድ ሊትር ውስጥ 2.1 ሚሊሞል ፖታሲየም ብቻ ተገኘበት። የጤነኛ ሰው ልክ ከ3.5 እስከ 5.0 ነው። (አንድ ሚሊሞል ፖታሲየም 39 ሚሊግራም ያህል ይመዝናል።)

እንግዲህ ፖታሲየም መጉደሉ ታወቀ። በየት በኩል ጐደለ? በአንጀት ወጥቶ ይሆናል። በኩላሊት ፈስሶ ይሆናል። ከምግብም ሳይገባ ቀርቶ ይሆናል። ወይም ጨርሶ ከሰውነት ሳይወጣ አንድ ቦታ ተሸሽጎ ይሆናል። የደሙ ቁጥር ከነዚህ የትኛው እንደሆነ አይናገርም፤ 2.1 በአራቱም መንገድ 2.1 ነው። ሕክምናው ግን አራት ዓይነት ነው፤ ያንዱን ሕክምና ለሌላው የሰጠ ሐኪም ሰው ሊገድል ይችላል።

ስለ ንጥረ ነገሩ ስም ጥቂት እንበል። ፖታሲየም ስሙን ያገኘው ከአመድ ነው። የዕፀዋትን አመድ በውሃ አጥልሎ ውሃውን በድስት ሲያተኑት የሚቀረውን ነጭ ነገር አውሮፓውያን የድስት አመድ ይሉት ነበር። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1807 ከዚሁ አመድ በተገኘ ነገር ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል አሳልፎ ብረቱን ለየ፤ ስሙንም ከድስቱ አመድ አወጣለት። ካልዩም የሚለው ሌላው ስሙ ደግሞ አመድን ከሚጠራ የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው። በአገራችን በዳሎል የፖታሽ ክምችት እንዳለ በጂኦግራፊ ትምህርት የሰማን ሁሉ እናስታውሳለን፤ እሱም የዚሁ የፖታሲየም ጨው ነው። አሞሌው ግን ሌላ ነው፤ አሞሌ የሶዲየም ጨው ነው። እነዚህ ሁለት ጨዎች በምድር ላይ ጐረቤታሞች ቢሆኑም በሰው አካል ውስጥ በግድግዳ ተለያይተው የሚኖሩ ናቸው።

ግድግዳው የሕዋስ ሽፋን ነው። ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው በጠቅላላው 3,000 ሚሊሞል ያህል ፖታሲየም አለው። ከዚህ ውስጥ ከመቶ 98 እጁ በሕዋሳት ውስጥ፣ ይልቁንም በጡንቻ ውስጥ ተቀምጦአል። ከሕዋስ ውጭ በደምና በአካባቢው ፈሳሽ ያለው 60 ሚሊሞል ቢሆን ነው። በሌላ አነጋገር እህሉ ሁሉ ጐተራ ውስጥ ነው፤ ገበያ ላይ የወጣው ጥቂት ቁና ብቻ ነው። ደም መመርመር ማለት ገበያውን አይቶ ስለ ጐተራው መገመት ማለት ነው።

ፖታሲየሙን ወደ ጐተራው የሚያስገባውን ፓምፕ እ.ኤ.አ. በ1957 ያስታወቀው ዴንማርካዊው የንስ ስኩ ነው፤ በዚሁ ሥራው ከአርባ ዓመት በኋላ በ1997 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ፓምፑ ሦስት ሶዲየም አውጥቶ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። ነርቭ የሚልከው መልእክት፣ የጡንቻ መኮማተር፣ የልብም ምት በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው፤ ስለዚህም በገበያው ላይ ያለችው ጥቂት ቁና ስታንስ ወይም ስትበዛ እግር ይዝላል፣ ልብም አመቱን ይስታል። ኢንሱሊንና አድሬናሊን ይህን ፓምፕ ያፈጥኑታል። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ኩላሊት እንሂድ። ከምንበላው ሙዝ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ ቲማቲምና ሌላውም ምግብ በቀን ከ50 እስከ 100 ሚሊሞል ያህል ፖታሲየም ይገባል። ከዚህ ከአሥሩ ዘጠኙን እጅ የሚያስወጣው ኩላሊት ሲሆን የቀረው በዓይነ ምድር ይወጣል። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጠላል፤ ከፈሳሹም ጋር 700 ሚሊሞል የሚያህል ፖታሲየም አብሮ ይወርዳል። ይህ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል በመንገድ ላይ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። በሽንት ውስጥ የምናገኘው ፖታሲየም አብዛኛው በመጨረሻው የቧንቧ ክፍል ላይ እንደገና ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው። የሚያስጨምረውም ከኩላሊት በላይ ከተቀመጠችው ዕጢ የሚመነጨው አልዶስቴሮን የሚባለው ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1955 ጀሮም ኮን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በዚህች ዕጢ ላይ እባጭ የበቀለባትን የአንዲት ሴት ታሪክ ጽፎ አወጣ። አልዶስቴሮኗ ከልክ ያለፈ ነበርና የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ፣ ፖታሲየሟ በሽንት እየፈሰሰ፣ ጡንቻዋ ዝሎ ነበር። እባጩ ሲወጣ ዳነች። ዛሬ በዚህ ሐኪም ስም የሚጠራው በሽታ ይኸው ነው።

እንግዲህ በሽንት ያለው ፖታሲየም ኩላሊት በፈቃዱ የሰጠው ነገር ስለሆነ፣ ልኩን ስናውቅ የኩላሊትን አሳብ አወቅን ማለት ነው። ደም ድሃ ሲሆን ጤነኛ ኩላሊት እጁን ይሰበስባል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ድክመት አለው። ሶዲየምን የሆነ እንደሆነ ኩላሊት ሲቸግረው ከሽንት ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል፤ ፖታሲየምን ግን እንደዚያ አድርጎ መቆጠብ አይሆንለትም። ቁጠባውን ለመማር ቀናት ይወስድበታል፤ ከተማረም በኋላ በቀን ከ5 እስከ 15 ሚሊሞል መፍሰሱ አይቀርም። ስለዚህ የደም ፖታሲየም ጐድሎ ሳለ በሽንት የሚወጣው በቀን ከ15 ወይም ከ20 ሚሊሞል በታች ከሆነ ኩላሊት ንጹሕ ነው፤ ሌባው ሌላ ነው። ከ30 በላይ ከሆነ ሌባው ኩላሊቱ ራሱ ወይም ኩላሊቱን የሚያዝዘው ነው። በመካከል ያለው አከራካሪ ነው፤ ጉድለቱ የጀመረው ትናንት ከሆነ ንጹሕ ኩላሊትም በዚያ መካከል ሊገኝ ይችላል።

ልኩ እንዴት ይታወቃል? የኬሚስትሪ ተማሪዎች የፖታሲየምን ጨው በነበልባል ላይ ሲያደርጉት ሐምራዊ ብርሃን እንደሚሰጥ አይተዋል፤ የሶዲየም ቢጫ እንዳይሸፍነውም በሰማያዊ የኮባልት መስተዋት አሻግረው ተመልክተዋል። የሆስፒታል ላቦራቶሪዎች ለረጅም ዘመን የሠሩበት የነበልባል ፎቶሜትር ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ሽንቱ ቀጥኖ ወደ እሳቱ ይረጫል፣ መሣሪያውም የሐምራዊውን ብርሃን ብዛት ይለካል። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሠራው በኤሌክትሮድ ነው። በኤሌክትሮዱ ጫፍ ባለው ስስ ሽፋን ውስጥ ቫሊኖማይሲን የሚባል ነገር አለ፤ ቅርጹ እንደ ቀለበት ሆኖ መካከሉ ለፖታሲየም ብቻ የተለካ ይመስላል። ሶዲየም ወደዚያ ቀለበት ሊገባ ሲሞክር አይስማማውም። በሽፋኑ ላይ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ኃይል ተለክቶ ወደ ሚሊሞል ይለወጣል። የደምን ፖታሲየም የሚለካው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሽንትንም ይለካልና፣ ይህ ምርመራ የሚቀረው መሣሪያ ጠፍቶ ሳይሆን የሚጠይቀው ሰው ጠፍቶ ነው ለማለት እንደፍራለን።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ላቦራቶሪው የሚሰጠን ቁጥር በአንድ ሊትር ሽንት ውስጥ ያለውን ነው እንጂ በቀን የወጣውን አይደለም። ሁለት በሽተኞች እንውሰድ። የመጀመሪያው ሽንት በሊትር 30 ሚሊሞል አለው፤ የሁለተኛው 12 ብቻ። ሳያስብ የሚፈርድ ሰው ኩላሊቱ የሚያባክንበት የመጀመሪያው ነው ይላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ውሃ ጠምቶት በቀን የሸናው ከ600 ሚሊሊትር አላለፈም፤ ስለዚህ የወጣው 18 ሚሊሞል ነው። ሁለተኛው በቀን 4 ሊትር ሸንቶአል፤ የወጣውም 48 ሚሊሞል ነው። ሌባው ያለው አነስተኛው ቁጥር ዘንድ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ጥንቃቄ ያለው መንገድ የሃያ አራት ሰዓት ሽንት ማጠራቀም ነው። በሽተኛው ለምሳሌ ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ፊኛውን ባዶ ያደርጋል፤ ይህ የመጀመሪያው ሽንት ይደፋል። ከዚያ በኋላ የሚሸናው ሁሉ በንጹሕ ዕቃ ይጠራቀማል፤ በማግሥቱ በ1 ሰዓት የሚሸናውም ይጨመርና ይዘጋል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። እኛ በተለማመድንበት ጊዜ ከመካከላችን አንዱ የመጀመሪያውን አስቀምጦ የመጨረሻውን ደፋ፤ ሌላው ደግሞ ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ ወደ ሽንት ቤት ሄዶ ዕቃውን ረሳ። በሽተኛና ደካማ የሆነ ሰው ይህን ሳያጓድል እንዲፈጽም መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የገባን ያን ጊዜ ነው።

ጉድለቱን የሚያጋልጥ አንድ ምስክር አለ። ክሬአቲኒን የሚባለው የጡንቻ ቆሻሻ በየቀኑ በተመሳሳይ ልክ ይወጣል፤ በወጣት ወንድ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም፣ በሴት ከ15 እስከ 20 ነው። የተጠራቀመው ሽንት ከዚህ እጅግ ያነሰ ክሬአቲኒን ካለው አንድ የተደፋ ነገር አለ ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ ሐኪሞች አቋራጭ መንገድ አበጁ፤ ሃያ አራት ሰዓት ከመጠበቅ አንድ ጊዜ በተሸና ሽንት ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ለክሬአቲኒኑ ማካፈል። ውሃው ሁለቱንም እኩል ስለሚያቀጥናቸው የሽንቱ መቅጠን ከሒሳቡ ውስጥ ይወጣል። ከላይ የጠቀስናቸው ሁለቱ በሽተኞች በቀን አንድ ግራም ተኩል ክሬአቲኒን የሚያወጡ ቢሆኑ፣ የመጀመሪያው ለአንድ ግራም ክሬአቲኒን 12 ሚሊሞል፣ ሁለተኛው 32 ሚሊሞል ይሆናል። ወሰኑ 13 አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ኩላሊት ይጠረጠራል።

እዚህ ላይ መጻሕፍቱ በአንድ መስመር የሚያልፉትን ነገር ጠንከር አድርገን ለመናገር እንወዳለን። ክሬአቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። በረጅም በሽታ ወይም በረኃብ ጡንቻው ያለቀ ሰው የሚያወጣው ክሬአቲኒን ጥቂት ስለሆነ፣ ኩላሊቱ ምንም ሳይበድል የማካፈሉ ውጤት ከፍ ብሎ ይታያል። ወሰኑን 13 ብሎ የሸመደደ ሐኪም እንዲህ ያለውን በሽተኛ በቀላሉ ይሳሳትበታል። በዎርዶቻችን ከሚተኙት መካከል እንዲህ ያሉ በሽተኞች ጥቂት አይደሉምና ተማሪ ቁጥሩን ከማካፈሉ በፊት የበሽተኛውን ክንድ ይመልከት።

ሁለተኛው ማሳሳቻ ትውከት ነው። ብዙ ቀን ያስመለሰው ሰው ፖታሲየሙ ሲጐድል ሁላችንም በትውከቱ ወጣ እንላለን። የጨጓራ ፈሳሽ ግን በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊሞል ፖታሲየም ብቻ ያለው ስለሆነ ያን ሁሉ ጉድለት ሊያመጣ አይችልም። የሆነው ነገር ይህ ነው፤ ከጨጓራ አሲድ ስለወጣ በደም ውስጥ ባይካርቦኔት ይተርፋል። የተረፈው በሽንት ሲወጣ ፖታሲየምን ይዞ ይሄዳል፤ በላዩም ሰውነት ውሃ ስላጣ አልዶስቴሮን ይነሣና ያባብሰዋል። እንግዲህ በሽታው ያለው ጨጓራ ላይ ሲሆን ፖታሲየሙ የሚፈስሰው በኩላሊት ነው! የሽንት ፖታሲየም ብቻውን ቢታይ ኩላሊትን ያስከስሳል። ነፃ የሚያወጣው የክሎራይድ ልክ ነው። ያስመለሰ ሰው ክሎራይዱን በጨጓራው ስለ ጨረሰ በሽንቱ ውስጥ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት በመውሰድ ላይ ያለ ሰው ግን ክሎራይዱም ፖታሲየሙም ከፍ ብለው ይገኛሉ። በተቅማጥ ፖታሲየም የሚወጣው በአንጀቱ በኩል ነውና ነገሩ ግልጥ ነው፤ ኦ.አር.ኤስ. በሚባለው የሕይወት አድን ዱቄት ውስጥ፣ በአንድ ሊትር 20 ሚሊሞል ፖታሲየም የተጨመረውም ስለዚህ ነው።

ከመድኃኒቶችም አንዱን ሳንጠቅስ አናልፍም። በመተማና በሑመራ ቆላ ካላ አዛር የያዛቸው ሰዎች ከሚታከሙባቸው መድኃኒቶች መካከል አምፎቴሪሲን አለ። ተውሳኩን ሲገድል የኩላሊትን ቧንቧ ሽፋን ያሳሳል፤ ፖታሲየምና ማግኒዚየምም በዚያ ይፈስሳሉ። ማግኒዚየም በጐደለ ጊዜ ደግሞ ኩላሊት ፖታሲየምን መያዝ አይችልም። ለበሽተኛው ፖታሲየም በየቀኑ ቢሰጡት በየቀኑ በሽንቱ ይወጣል፤ ቀዳዳ እንስራ መሙላት ነው። ማግኒዚየሙ ሲተካ ብቻ ቀዳዳው ይደፈናል።

ፖታሲየም በደም ውስጥ ሲበዛ የሽንቱ ምርመራ ጥቅሙ ያነሰ ስለሆነ ባጭሩ እናልፈዋለን። አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ደሙ የተቀዳበት ሁኔታ ነው። ክንድ ሲታሰር ብዙ ከቆየ፣ ወይም ቀይ ሕዋሳቱ በመንገድ ላይ ከፈረሱ፣ የጐተራው እህል ገበያ ላይ ይፈስስና ሐሰተኛ ብዛት ይታያል። ባለሐምራዊ ክዳኑም የደም መያዣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው በውስጡ ባለ የፖታሲየም ጨው ነውና፣ ከእርሱ ወደ ሌላ መያዣ የተገለበጠ ደም ለሰሚ የሚያስደነግጥ ቁጥር ይሰጣል። ከዚህ ሌላ የፖታሲየሙንና የውሃውን ጥምር ሒሳብ የሚያስላ አንድ ቀመር እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ተማሪዎች እንዲሸመድዱት ይደረግ ነበር፤ ከባለቤቶቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው በ2011 መሠረቱ እንደማይጸና ስለጻፉ እኛም አንባቢን አናደክምበትም።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። በአልጋው ዙሪያ የቆሙት ዘመዶቹ እንደ ልማዳችን፣ «ይኸ ልጅ ደክሞአል፤ ጉሉኮስ ይሰካለት እንጂ!» እያሉ ነው። ከዚህ የሚከፋ ምክር የለም። ስኳሩ ኢንሱሊንን ይቀሰቅሳል፤ ኢንሱሊን ፓምፑን ያፈጥናል፤ በገበያው የቀረችው ጥቂቷም ቁና ወደ ጐተራው ትገባለች። ከእግሩ አልፎ የመተንፈሻ ጡንቻውና ልቡ ሊቆም ይችላል። ሌላው ስሕተት ደግሞ 2.1 የሚለውን ቁጥር አይቶ ደንግጦ ብዙ ፖታሲየም በደም ሥሩ ማፍሰስ ነው።

ተረኛው ሐኪም ልቡን በኢ.ሲ.ጂ. እያየ ሕክምናውን ሲጀምር፣ ከሁሉ አስቀድሞ ነርሷ ጥቂት ሽንት እንድታስቀምጥ አዘዘ። ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ፖታሲየም ከተሰጠ በኋላ የሚሸናው ሽንት የተሰጠውን ጭምር ስለሚያሳይ ምስክርነቱ ይበላሻል፤ ሽንት አልመጣም ተብሎ ደግሞ ሕክምና አይዘገይም። የሽንቱ ውጤት መጣ፤ ፖታሲየም በሊትር 9 ሚሊሞል፣ ክሬአቲኒን በሊትር 1.8 ግራም። ሲካፈል 5 ነው። ኩላሊቱ ንጹሕ ነው። ተቅማጥ የለውም፤ አላስመለሰውም፤ ትናንት ማታ እንደ ጐልማሳ በልቶአል። ፖታሲየሙ ከሰውነቱ አልወጣም ማለት ነው፤ ጐተራው ውስጥ ነው።

ሐኪሙ እጆቹን ዘርግቶ እንዲያሳየው ጠየቀው፤ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። የልቡ ምት በደቂቃ 118 ነው። ካለፈው ሰኔ ወዲህ እየበላ መክሳቱን ጓደኞቹ ተናገሩ። ታይሮይድ የምትባለው የአንገት ዕጢ ከልክ በላይ ስትሠራ ፓምፑን ታበዛዋለች፤ በላዩ ከድካም በኋላ ዕረፍትና የሚያጣፍጥ ምግብ ሲጨመርበት ፖታሲየም በአንድ ሌሊት ወደ ጡንቻ ይገባል። ይህ በሽታ በእስያ ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ነገር ግን በሌላውም ሕዝብ ይታያል። ጓደኛችን በአፉ ጥቂት ፖታሲየምና ፕሮፕራኖሎል ተሰጠው፤ ደሙም በየሁለት ሰዓቱ ታየ። ከቀትር በኋላ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ፤ ወደ ማታም በሰው ተደግፎ ቆመ። ሰኞ ጧት የደም ፖታሲየሙ 4.4 ሆኖ ተገኘ። የተሰጠው በጠቅላላው 40 ሚሊሞል ብቻ ነበር፤ የቀረውን የመለሰው ጐተራው ራሱ ነው። እሑድ ጧት ዘመዶቹ እንደፈለጉት ሆኖ፣ ወይም ደንጋጭ እጅ 200 ሚሊሞል አፍስሶበት ቢሆን ኖሮ፣ ጐተራው በዚያ ላይ ሲከፈት ልቡን የሚያቆም ብዛት ይመጣ ነበር። ከሆስፒታሉ ሲወጣ በእጁ የያዘው ወረቀት የታይሮይድ ምርመራ ማዘዣ ነበር።